የውኃ ወፍ ውኃ ይገድለዋል?

ዓንደማርያም ፍቅረየሱስን የሰደበው ነጻነት በመጣ በመጀመሪያው መስቀል፣ ቪላጆ ጀኒዮ በሚባለው ሰፈር ካለው ሻሂ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር። «አንተ ከአራተኛ ክፍል የቀረህ! የምታነበው የፌርማታ ታፔላ ብቻ ነው» አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ፍቅረየሱስ የተማረ ሰው ባየ ቁጥር ያ ሳቅ ጆሮው ላይ ይጮህበታል።

እንዲህ ያለ ቂም በሆዱ ይዞ ነበር፣ አንድ ማለዳ ዓዲ ጓዕዳድ በሚባለው መንደር በኩል ወዳለው ግድብ መረቡን ሊያወጣ ሲወርድ፣ ሓዝሓዝ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቱ የሆነችውን መምህርት ሄለንን ድንገት ያገኛት።

«ደኅና አደሩ ጋሼ? መረቡ እዚሁ ነው የሚያድረው?»

«ታዲያ አልጋዬ ላይ ይደር?»

ሄለን ሳቀች። «ለጠላቂዎቹ ወፎች ፈርቼ ነው። ውኃ ውስጥ ጠልቀው ዓሣ ሲያሳድዱ ይገቡበታል።»

«ቢገቡስ? የውኃ ወፍ ውኃ ይገድለዋል? ይህን ነው ያስተማሩሽ?»

«የሚተነፍሱት እንደ እኛ አየር እኮ ነው፤ መረቡ ከታች ከያዛቸው ይሰምጣሉ። በፔሩ አገር በኩል የእነዚህ ዘመድ የሆኑ ሁለት ዓይነት ጠላቂዎች አሉ። ሁለቱም መብረር አይችሉም።»

«የማይበር ወፍ!» ፍቅረየሱስ አማተበ። «ወይ ጉድ! ምኑን ወፍ ሆነ?»

«ክንፋቸው አጭር ነው። ቲቲካካ በሚባለው ሐይቅ ያለውን የሚፈጀው የአጥማጅ መረብ ነው። ሌላው ሁኒን ከሚባል ሐይቅ በቀር የትም የለም፤ እሱን የማዕድን ቆሻሻና የውኃው መጉደል ጨረሰው።»

«የቱ ይብሳል?»

«የሁኒኑ። የቀረው ጥቂት ነው፤ ሹማምንትና ኩባንያ ካልተነሡ አይድንም። የቲቲካካውን ግን መረቡን የሚያነሣ ሰው ያድነዋል።»

«የእኛዎቹ ይበራሉ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

«የሚበሩት ከላይ ነው፤ መረቡ ያለው ከታች።»

ያ የሻሂ ቤቱ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበት። «ነይ ላሳይሽ!» ብሎ ሊያሳፍራት መረቡን ጎተተ። ከዓሣዎቹ መካከል አንዲት ወፍ አንገቷ በክሩ ተጠምዝዞ ወጣች። ከቄጠማው ውስጥ ጫጩቶቿ ያፏጫሉ።

«ሰምጣ ነው?» አለ ፍቅረየሱስ ክሩን እየፈታ።

«እወ» አለች ሄለን ራሷን ቀስ ብላ እየነቀነቀች።

«እኔ እኮ... ባለፈው ያገኘሁትንም በሽታ ነው ብዬ ጣልሁት! ከዚያ በፊት ያለውንም! እኔ ነኝ?»

ሄለን አልፈረደችበትም። «ቀን ቀን አጠገቡ ቁጭ ብለው ያጥምዱ። የገባች ወፍ ካለች ቶሎ ትፈታለች። ዓሣውም ሳይበላሽ ትኩሱን ያወጣሉ፤ ያልሸተተ ዓሣ ደግሞ ገዢ አያጣም።»

«ከዛሬ ጀምሮ አያድርም» አለ። ከልጅ መስማት የሚያሳንሰው መስሎት ነበር፤ አላሳነሰውም።

ወዲያው ዓንደማርያም ብስክሌቱን እየገፋ ደረሰ። «ዋይ! ታፔላው አልቆብህ ነው ከሴት ልጅ ፊደል የምትቆጥረው?»

ፍቅረየሱስ ከዚያ መስቀል ጀምሮ ሲያዘጋጀው የኖረው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ጫጩቶቹ እንደገና አፏጩ። ፍቅረየሱስ ውኃ የሚያንጠባጥበውን መረብ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ወደ ቤቱ መንገድ ገባ።