የተሳሳተው ጫፍ

— ሄሎ... አዎ፣ ፀጉር ቤቱ ነው። ሰዓሊዋ ነሽ? እንኳን ደወልሽ። በመጀመሪያ አንድ ነገር በይፋ ላሳውቅሽ፦ ከመንገዱ ማዶ ያለው ግድግዳ በቦታው አለ። ትናንት እንደቆመ ዛሬም ቆሟል።

— አይ፣ በከሰል የነደፍሽው አልጠፋም። ሐሙስ ቀለም ይዘሽ ከመምጣትሽ በፊት ግን... ትሰሚኛለሽ? ጋሼ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉልኝ። ይቅርታ፣ የሰፈሩን ሊቀመንበር እየላጨሁ ነው።

— እኮ፣ ያ በስብሰባው የተረክንልሽ የጎርፉ ታሪክ። አሥራ አንድ ወንዶች ገመድ ይዘው ሰው ከወንዝ ሲያወጡ። ሁሉም አባቱን አስገባ። እኔም አባቴን ከላይ አስቀመጥኩ፣ ምን ልደብቅሽ።

— ትናንት እናቴ በምርኩዝ ወጥታ አየችው። ... ደህና ናት፣ ተመስገን። ትክ ብላ አይታ፣ «ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ የቆሙት ግን በተሳሳተው ጫፍ ነው» አለች።

— ወንዶቹ የነበሩት ውሃው ውስጥ ነዋ! ገመዱን የያዙት ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሴቶች ናቸው። የልብስ ማስጫውን ገመድ ሦስት እጥፍ አድርገው። የአባቴን ሱሪ ወንዙ ወስዶት፣ እናቴ ካጠበችው ልብስ የአባቷን ሱሪ ሰጠችው። ሱሪ ሊመልስ ሲመላለስ ተጋቡ።

— ሳቂ፣ ሳቂ። «ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለስብሰባው ወንበሮቿን ተዋስን፤ እሷን አልጠራናትም።

— ስለዚህ ላመሰግንሽ ነው፣ እህቴ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቤት ኖሬ ያልሰማሁትን ባንቺ ከሰል ሰማሁ። ዕድሜ ይስጥሽ።

— እሱ ነው ጭንቁ። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ሳይጨልምባት ራሷን ግድግዳው ላይ እንድታይ ነው የምፈልገው። ግን ያለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ አይነካም። የሳቸው አባት ደግሞ መሃል ላይ ናቸው፣ ግዙፉ። «እናትህ አርጅታለች፣ ተምታቶባት ነው» ይሉኛል።

— አዎ፣ እየሰሙ ነው። ይስሙ። ... ቆይ አንዴ። ምን አሉኝ ጋሼ?

— ... «አባቴ ዋና አይችሉም ነበር» አሉኝ።

— እኔ እንጃ፣ ይኸው ተነሱ። ጋሼ፣ ግማሹ እኮ ቀርቷል... ወጡ። አረፋው ፊታቸው ላይ ነው። መንገዱን ተሻገሩ። ፎጣዬን ካንገታቸው ፈቱ...

— አለሁ፣ አለሁ። አባታቸውን ከግድግዳው ላይ በፎጣዬ እያጠፉ ነው። ቀስ ብለው፣ ከእግራቸው ጀምረው።

— በይ ሐሙስ ነይ። ልዝጋው፤ የኔ አባት ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ መቆሚያ ወንበር ልውሰድላቸው።