ትራፊክ የማይቆምበት ኩርባ

ጠዋት እንደ ወትሮው ተነሣሁ። ሻይ ጣድኩ፤ ልጄን ቀስቅሼ፣ አልብሼ ትምህርት ቤት ሸኘኋት። ሻይዬን ቆሜ ጠጣሁና ነጭ ጋወኔን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ በሩን ቆልፌ ወጣሁ። የምሠራው በከተማው የመጠጥ ውሃ ላቦራቶሪ ነው። ድሮ ከባለቤቴ ጋር በመኪናው እንሄድ ነበር። አሁን ሚኒባስ እይዛለሁ።

የዚያን ዕለት የሚኒባሱን በር ስከፍት ከሹፌሩ ጎን የባለቤቴ አባት ተቀምጠዋል። ጡረታ እስኪወጡ የመንገዶች መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ሚኒባስ ሲሳፈሩ አይቼ አላውቅም።

«አባባ! ምነው በሰላም?»

«ሰላም ነው ልጄ። መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ነው። ዛሬ ምክር ቤቱ ስለ አጥፊ ሹፌሮች ክፍያ ያነጋግራል፤ እኔም ተጠርቻለሁ። ይሻር የሚሉ ተነሥተዋል። አይሻርም ልላቸው ነው።»

ክፍያው እንዲህ ነው። ያጠፋ ሹፌር መደበኛውን ቅጣት ይከፍላል። በዚያ ላይ ለመንገድ ጥገና የሚውል ተጨማሪ ገንዘብ በየዓመቱ ይጠየቃል፤ ካልከፈለ መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። ሕጉን ያረቀቁት አማቴ ናቸው።

ሹፌራችን ኢኮኖሚክስ ተምሮ ሥራ ሲያጣ መሪ የጨበጠ ወጣት ነው። ተሳፋሪው «ዲግሪው» ይለዋል።

«እንግዲያው አባባ፣» አለ በትሕትና፣ ግን ሳይስቅ፣ «መንጃ ፈቃዴን የሚወስዱብኝ እርስዎ ነዎት ማለት ነው። በዚህ ሳምንት ካልከፈልኩ ይህች መሪ የሌላ ሰው ናት። እናቴና እህቶቼ የሚያድሩት በእሷ ነው።»

«ምን አጥፍተህ?»

«በክራንች የሚሄዱ እናት ነበሩ፤ ከፌርማታው አልፌ በራቸው ላይ አወረድኳቸው።»

«አጥፍተሃላ!»

«አጥፍቻለሁ። ቅጣቴንም በማግስቱ ከፍያለሁ። ያልገባኝ በአንድ ጥፋት ሁለቴ መከፈሉ ነው።»

«መንገድ በምርቃት አይሠራም ልጄ፤ ገንዘብ ይፈልጋል። ታዲያ ከጨዋው ኪስ ከሚወጣ ከአጥፊው ኪስ ቢወጣ ምን ነውር አለው?»

«ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከነገ ጀምሮ ሹፌር ሁሉ ጨዋ ቢሆን መንገዱ በምን ይጠገናል?»

«ለልማቱ ስንል እንባልግ በላ!» አለች ከኋላ የቲማቲም ሳጥኗን ያቀፈችው ነጋዴ። ሚኒባሱ በሳቅ ተሞላ።

«አንቺ ደግሞ! ሹፌር ጨዋ እስኪሆን አንቺም እኔም አንኖርም» አሉ አማቴ፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው።

ሰው ሳቀ እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ጥፋት የመሥሪያ ቤት ገቢ ሲሆን፣ ጥፋቱ እንዲቀር ከልቡ የሚመኝ መሥሪያ ቤት አይኖርም።

ቀጥ ያለው አዲሱ አስፋልት ላይ ስንደርስ ሁለት ትራፊኮች የፍጥነት መለኪያቸውን ይዘው ጥላ ሥር ቆመዋል።

«አየህ? ሥራ ማለት ይህ ነው» አሉ አማቴ በኩራት። «እዚህ የተሰበሰበው ለዚሁ መንገድ ይውላል። ሌላ ቦታ ሄዶ እንዳይበላ ብዬ፣ የተሰበሰበው ለተሰበሰበበት መንገድ ይዋል የሚለውን አንቀጽ ያስገባሁት እኔው ነኝ።»

ትንሽ እንደሄድን አስፋልቱ አለቀ። ሚኒባሱ ኩርባው ጋ ሲደርስ እንደ ወትሮው አዘገመ፤ ጎማው ትልቁ ጉድጓድ አፍ ላይ እየተንገዳገደ በጠርዙ ማለፍ ጀመረ። እኔ እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ በግራ በኩል ባለው መስኮት አያለሁ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም።

አማቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ አልፈው አያውቁም፤ ከተማ ሲሄዱ በሌላ መንገድ ይዞራሉ።

«ልጄን ያጣሁት እዚህ ነው» አሉት ዲግሪውን። «የፈጠነ ባለጌ መስመሩን ለቆ ገባበት። ክፍያው አይነካ የምለው ለእሱ ብዬ ነው።»

«ነፍስ ይማር አባባ። አላወቅኩም ነበር።»

ግራና ቀኝ ተመለከቱ። «እዚህ ለምን ትራፊክ አይቆምም?»

«እዚህ ማን ይፈጥናል? ጉድጓዱ አያስኬድም። ያልፈጠነ አይቀጣም፤ ቅጣት ከሌለ ደግሞ…» ዲግሪው ከንፈሩን ነከሰ።

«ገንዘብ የለም» ብለው እሳቸው ጨረሱለት። «ገንዘብ ከሌለ ጥገና የለም።»

ከኋላቸው ወደ ፊት ጠጋ አልኩ።

«አባባ፣ ያ ሰው ፈጥኖ አልነበረም። ጉድጓዱን ሲሸሽ ነው መስመር የለቀቀው። ፍርድ ቤት የተረጋገጠው ይኸው ነው። እርስዎ ያን ዕለት መግባት አልቻሉም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሚቆጡበት ሰው ቢያጡ ምን እንደሚሆኑ አላወቅኩም።»

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት፤ መልሰው አዞሩት።

«የጠገበውን መንገድ እያበላሁ» አሉ በመጨረሻ፣ «የተራበውን ጦም አሳደርኩት።» ወደ ዲግሪው ዞረውም፣ «ልጄ፣ ይሻር ካልን ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ቀስ ብለህ ንገረኝ።»

«መንገዱን ከሚጠቀም ሁሉ ነዋ። ከነዳጅ ላይ ትንሽ ትንሽ ይነሣ። አስፋልቱን የሚሰብረው ከባድ መኪና እንደ ክብደቱ ይክፈል። መንገድ ለማይነዳውም ዕቃ ያመጣለታል፤ ስለዚህ የጎደለው ከጠቅላላው በጀት ይሞላ። ሲከፋፈልም በብልሽቱ መጠን ይሁን። አደገኛ ሹፌር ግን ይቀጣ፣ መንጃ ፈቃዱንም ይነጠቅ፤ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ።»

«ነዳጅ ሲጨምር ታሪፍም ይጨምራል። ይህች ምስኪን ምን ትላለች?»

«ምስኪኗ አለሁ!» አለች ነጋዴዋ። «በየቀኑ ቲማቲሜ እዚህ ጉድጓድ ላይ ከሚፈርጥ ሳንቲም ብጨምር ይሻለኛል።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ…» አለ ዲግሪው።

«…ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ አማቴ። «ይህን እኔ ነበርኩ ላንተ መንገር የነበረብኝ።»

በዚያን ዕለት ምክር ቤቱ ፊት ቆመው፣ «ሕጉን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ እንዲሻር የምለምነውም እኔው ነኝ» አሉ። ስለ ልጃቸውም ስለ ጉድጓዱም ተናገሩ። ይህን ማታ ቤቴ መጥተው ነገሩኝ።

ክፍያው መጀመሪያ ታገደ፤ ከክረምቱ በፊት ተሻረ። ዲግሪው መሪውን አልተነጠቀም። ቅጣቱ ለአጥፊ እንዳለ ነው፤ መንገድ ግን አጥፊን አይጠብቅም። ሸክሙ ለሁሉም እንደ አጠቃቀሙ ተከፋፈለ፤ ጥገናው ከተጎዳው ተጀመረ። አምቡላንስ ሕመምተኛን ሳያንገላታ ያልፋል። የነጋዴዋ ቲማቲም ሳይፈርጥ ገበያ ይገባል። አማቴም መዞር ትተው በዚሁ ይመጣሉ።

ኩርባው አሁን ልሙጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ግራው መስኮት እዞራለሁ፤ ስዞር አልፈነዋል። መንገዱ ደህና ሆኗል። ከባለቤቴ ጋር የምቆይባት ያቺ ማዝገም ብቻ የለችም።