የዝግመተ ለውጥ ቀኖና

ማራኪ በሚባለው ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለመቁረብ አስቤ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩና፣ «አባቴ፣ ሰው በዝግመተ ለውጥ መጣ የሚለውን ለልጆች ማስተማሬ ያስጨንቀኛል» አልኳቸው። ሳቅ አሉ። «ደባርቅ ያለውን ገብሴን የጨረሰው ጭላዳ ዝንጀሮ ዘመዴ ነው በይኛ! ለመሆኑ ልጆቹ በደንብ ገባቸው?» አፈርኩ። «አይ አባቴ፣ ስለምፈራ ‹ራሳችሁ አንብቡት› እያልኩ እዘለዋለሁ። ፈተና ላይ ግን ይመጣባቸዋል።» ይኼኔ ፊታቸው ተቀየረ። «ምነው ልጄ! እኔ ዳዊት ሳስተምር የከበደኝን መዝሙር ብዘልባቸው መምህር ትይኛለሽ? ቀኖናሽ ይኸው ነው፤ ምዕራፉን ምንም ሳታስቀሪ አስተምሪ። የምታምኚውን ቢጠይቁሽም አትደብቂ።» እኔ እኮ ስግደት ነበር የጠበቅኩት።

በሳምንቱ አራት ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማርኩ። እጃቸውን አውጥተው የማያውቁት ሁሉ ሲጠይቁኝ ሰነበቱ። በመጨረሻ አንዷ ተነስታ፣ «ቲቸር፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሆነው ሳለ ይህን እንዲህ አብራርተው እንዲያስተምሩን ማን አዘዘዎት?» አለችኝ። «የንስሐ አባቴ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏቸው ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬያቸው ስቄ ወጣሁ፤ እሁድ ቆረብኩ።