ፎጣውን አንሱላት

እኔ በምሠራበት ካዚኖ አብሮኝ የሚያጸዳ ኪሞ የሚባል የሃዋይ ልጅ አለ። ልጆቼ ሃዋይ ሊያዝናኑኝ ትኬት ሲቆርጡልኝ፣ የምናርፍበትን ሆቴል ፎቶ በሥራ እረፍት ሰዓት አሳየሁት። «አገርህ ልሄድልህ ነው!» አልኩት። ፎቶው ላይ ጣቱን አሳረፈ። «መዋኛው ያለበት ቦታ ቤታችን ነበረ። ቱሪስቱ ሲበዛ ሰፈሩን ሆቴል ዋጠው፤ ኪራዩም አልቀመስ አለ። እኔ ወደዚህ ተሰደድኩ። እናቴ ግን እዚያው ሆቴል ክፍል ታጸዳለች» አለኝ። «ስሟን ንገረኝና እጸልይላታለሁ» አልኩት።

«ጸልይላት። ግን ፎጣውን ከወለል ላይ አንሱላት፤ ወገቧን ያማታል።»

እዚያ ሆቴል ሳለን ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የልጆቼን ፎጣ ከወለል አነሳ ነበር። ከዚያ ለጸሎት እንበረከክ ነበር።