አዳራሽ መራጯ በወረታ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ላይ ለሁለት ይከፈልና አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። የአቶ ዓለምነህ ሆቴል ከዚያ መገንጠያ ጥቂት አለፍ ብሎ ይገኛል። መንገዱ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ሹፌርም ሆነ ተሳፋሪ እዚያ ሳያድር አያልፍም ነበር። ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ የሚሄዱ ሕመምተኞች፣ የፎገራን ከብት ሊገዙ የሚመጡ ነጋዴዎች፣ ለሥራ የሚዘዋወሩ የመንግሥት ሠራተኞች ያርፉበት ነበር። ዛሬ መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን እያሰማ ያልፋል። አቶ ዓለምነህ ግን በየማለዳው ጋቢያቸውን ደርበው በራፉ ላይ መቀመጣቸውን አልተዉም። አውቶቡስ ፍጥነቱን ሲቀንስ ልባቸው ደንገጥ ይላል፤ ሲያልፍ ደግሞ ዓይናቸው እስከ መታጠፊያው ድረስ ይሸኘዋል።

የሚናፍቁት እንግዳውን ብቻ አልነበረም። ከግቢው በስተጀርባ ያለውን ትልቅ አዳራሽ ያሠሩት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ ጋር ነበር። የስንቱ ሰርግ፣ የስንቱ ልጅ ክርስትና የተደገሰው እዚያ ውስጥ ነው። ወይዘሮ አልጣሽ ካረፉ ወዲህ ግን አዳራሹ ተዘግቷል። አስተናጋጇ አይናለም በየሳምንቱ ትጠርገዋለች፤ ነገር ግን አንዲት ወንበር እንኳ ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ አቶ ዓለምነህ አጥብቀው አዝዘዋታል።

ሩዙ ቢጫ መሆን በጀመረበት በጥቅምት ወር አንድ ቀን ከሆቴሉ ፊት ለፊት የአንዲት መኪና ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ጎማውን ለመቀየር ሲጎነበስ፣ አብራው የነበረችው ወጣት ሴት ወርዳ ወደ በራፉ መጣች።

«እንዴት ዋሉ አባቴ? መኪናችን እስኪጠገን እጄን ልታጠብ ብል ይፈቅዱልኛል?» አለች።

«ምን ፈቃድ ያሻዋል? ይግቡ እንጂ፤ ቤቱ የእንግዳ ነው፤» አሉ አቶ ዓለምነህ ከመቀመጫቸው ተነሥተው።

ወጣቷ መጸዳጃ ቤቱ ወዳለበት ወደ ጓሮ ሄዳ ተመለሰች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ስሟ ውዳሴ ካሴ መሆኑን፣ የአንበሳሜ ልጅ መሆኗን፣ አሁን ባሕር ዳር እንደምትኖር ነገረቻቸው። አቶ ዓለምነህ የአንበሳሜ ልጅ መሆኗን ሲሰሙ «እርስዎ» ማለቱን ትተው «ልጄ» አሏት።

«ያ በስተጀርባ ያለው አዳራሽ የእርስዎ ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው።

አቶ ዓለምነህ ደስ አላቸው። አዳራሹን እንዲያሳዩ ከተጠየቁ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበርና ቁልፉን ራሳቸው አመጡ። ነገር ግን ውዳሴ እንደ ሌላው እንግዳ ቆማ አላደነቀችም። እጇን አጨበጨበችና የድምፁን መመለስ አዳመጠች። ከባዱን ቀይ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ መስኮቱን አየች። ከመግቢያው ደረጃ ላይ ወጥታ ወረደች። በመጨረሻም ከመድረኩ እጅግ የራቀውን፣ ከምሰሶው ኋላ ያለውን ወንበር መርጣ ተቀመጠችና «አባቴ፣ እባክዎ ከመድረኩ ላይ ሆነው የፈለጉትን ይናገሩ፤» አለቻቸው።

«ምን ልናገር?»

«የመጣልዎትን።»

አቶ ዓለምነህ የእንግዳ መቀበያ ንግግር የሚመስል ነገር ተናገሩ። ውዳሴ ራሷን ነቀነቀች። «አላየሁዎትም፤ ከቃልዎም ግማሹን አልሰማሁም።»

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ቅር ተሰኙ። «ልጄ፣ አትቀየሚኝ። በእኛ አገር እንግዳ የሰው ቤት ገብቶ አይመረምርም። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ስብሰባ አዘጋጅ ነኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር ሰው መሰብሰብ ሲፈልግ፣ የሚሰበሰብበትን ሆቴልና አዳራሽ የምመርጥለት እኔ ነኝ።»

«ይህም ሥራ ሆነ? እኔ የማውቀው እንግዳ ሲመጣ በሩ ይከፈትለታል፤ ውኃ ይቀርብለታል፤ ቤት ያፈራውን ይበላል። ከዚህ ሌላ ምን የሚመረጥ ነገር አለ?»

ውዳሴ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ እሳቸው ቀረበች። «የሚሉት እውነት ነው፤ እንግዳው አንድ ሁለት ሲሆን። የጎደለውን ይነግርዎታል፤ ባይነግርዎም ከፊቱ ያውቁለታል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲመጣ ግን የሁሉን ፊት ማየት አይቻልም። ያፈረው ዝም ይላል። ያልሰማው ደግሞ እንደ ሰማ ሆኖ ያጨበጭባል። ስለዚህ እኔ የሚጎድለውን የማየው ሰዉ ከመምጣቱ በፊት ነው።»

«እንዲያ ከሆነማ ትልቁንና ያማረውን ሆቴል መምረጥ ነዋ። ባሕር ዳር ሞልቶልሽ የለም?»

«ብዙ አዘጋጅ በመስታወቱና በአበባው ይመርጣል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው የሚመጣው ማን ነው ብዬ ነው። አሁን በእጄ ያለው የሩዝ ገበሬዎች ስብሰባ ነው። ስለ ዘርና ስለ ጎርፉ ከባለሙያዎች ጋር ሊመክሩ ነው። ባሕር ዳር ይሁን ተብሎ ነበር። ነገር ግን አባቴ፣ ላም ያላት ሴት ባሕር ዳር ብታድር ላሟን ማን ያልብላታል? ስለዚህ ባሏን ትልካለች። ችግኙን ስትተክል፣ አረሙን ስታርም የከረመችው እሷ፤ ስለ ሩዙ የሚናገረው እሱ። የቦታው ርቀት ብቻውን የሚናገረውን ሰው ይለውጠዋል።»

አቶ ዓለምነህ ይህን አላሰቡትም ነበር። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ይህስ ይሁን። ግን ወንበርና መጋረጃ ምን ቸገረሽ? ሰው የመጣው ለቁም ነገር ነው፤ ቁም ነገር ያለው ሰው ተመቸው አልተመቸው ይናገራል።»

ውዳሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች።

«አባቴ ካሴ ገበሬ ነበር። ወንዙ እየሞላ መሬቱን ይበላበት ነበርና ስለዚያ ጉዳይ ከተማ ስብሰባ ተጠራ። ምን እንደሚናገር ለብዙ ቀን ሲያስብ ከረመ። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነበር፤ ጉልበቱን ያመው ስለነበር ደረጃውን ወጥቶ እስኪደርስ ፊት ያለው ቦታ ሁሉ ተያዘ። ልክ እኔ አሁን እንደ ተቀመጥሁበት ባለ ቦታ፣ ከምሰሶ ኋላ ተቀመጠ። የሚባለውን አልሰማም፤ እጁን ሲያነሣም ያየው የለም። ወደ ቤት ሲመለስ ጎረቤቶቻችን ምን ተባለ ብለው ጠየቁት። ‹ጥሩ ምሳ በላን› አላቸው። ከዚያ በኋላ ሊናገር ያሰበውን ነገር እያረሰ ለበሬዎቹ ሲነግራቸው እሰማው ነበር። አባቴ ዛሬ የለም። እኔ ግን አንድ አዳራሽ በገባሁ ቁጥር የት ይቀመጥ ነበር እያልሁ ነው የማየው።»

ከውጭ ሹፌሩ ጎማውን ሲያጠብቅ ይሰማል።

«እንግዲያው ስብሰባውን ወደዚህ አምጪዋ፤» አሉ አቶ ዓለምነህ። «ለገበሬው ቅርብ ነው። ቤቱም ይኸው።»

«አሁን አላመጣውም፤ ብዋሽዎ ነውር ነው። አዳራሹ ረጅምና ጠባብ ሆኖ መድረኩ ጫፍ ላይ ነው። ኮርኒስ ስለሌለው ዝናብ ቢጥል ቆርቆሮው ድምፅ ይውጣል። መጋረጃው ብርሃን ይከለክላል። መጸዳጃ ቤቱ ለወንድና ለሴት አንድ ነው፤ በሩም ከውስጥ አይዘጋም። ሴት ወደዚያ ላለመሄድ ስትል ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። የሚስተካከል ነገር ነው፤ ግን መስተካከል አለበት።»

«መጋረጃውን የሰቀለችው ባለቤቴ ናት። መድረኩንም እዚያ ይሁን ያለች እሷ ናት። ከዚህ ቤት አንድ ነገር ባነሣ እሷን እንደ ማስወጣት ነው የሚመስለኝ፤» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ተሰብሮ።

ውዳሴ አንገቷን ደፋች። «ነፍሳቸውን ይማር። አላወቅሁም ነበር፤» አለች። የስልክ ቁጥሯን ለአይናለም ሰጥታ፣ ሽማግሌውን ዝቅ ብላ እጅ ነሥታ ሄደች። መኪናዋም እንደ ሌሎቹ መታጠፊያው ዘንድ ከዓይን ተሰወረች።

አቶ ዓለምነህ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ምንም ሥራ መሥራት አቃታቸው። ልጅቷን ቢቆጧትም ንግግሯ አልለቅ አላቸው። አዳራሹን ከፍተው ገቡና እሷ ተቀምጣበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እውነትም ከዚያ ሆኖ መድረኩ አይታይም። እዚያ ተቀምጠው ሳሉ አንድ የረሱት ነገር ትዝ አላቸው። ወይዘሮ አልጣሽ ድግስ በደረሰ ቁጥር ጥግ ካለው ወንበር ላይ ሄደው ይቀመጡና «ዓለምነህ፣ እስቲ ከወዲያ ሆነህ ተናገር፤ እዚህ የሚቀመጠው ሰው ይሰማህ እንደሆን ልየው፤» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ሥራ ታስፈታኛለሽ ብለው ይነጫነጩ ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ ለአንዱ ሰርግ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ለሚቀጥለው ወደ በሩ ያዞሩታል፤ እንዳስቀመጡት የተዉት ዕቃ አልነበረም። ወንበሮቹ አሁን ባሉበት የቀሩት ከመጨረሻው ድግስ በኋላ የሚያነሣቸው ስለ ጠፋ ብቻ ነው። አቶ ዓለምነህ የጠበቁት የሚስታቸውን ዕቃ እንጂ የሚስታቸውን አሳብ እንዳልሆነ በዚያች ሰዓት ገባቸው፤ ብቻቸውንም አለቀሱ።

በማግሥቱ አናጢ ተጠራ። መድረኩ ከጫፍ ተነሥቶ በረጅሙ ግድግዳ በኩል ሆነ፤ ጣሪያው ኮርኒስ ለበሰ፤ ከመግቢያው ደረጃ ጎን ጉልበት ለደከመው ሰው ዘንበል ያለ መውጫ ተሠራ። ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ ቤት ታነጸ፤ እስከዚያ የሚያደርሰው መንገድም ድንጋይ ተነጠፈበት። መጋረጃውን ግን አቶ ዓለምነህ ለማንም አልሰጡም፤ ራሳቸው አውርደው፣ አጥፈው፣ መኝታ ክፍላቸው ካለው ሣጥን ውስጥ አኖሩት። መስኮቱ ሲገለጥ እስከ ጣና የሚዘልቀው የፎገራ ሜዳ፣ የሚታጨደው ሩዝ፣ በረግረጉ ዳር የሚግጡት ከብቶች ወለል ብለው ታዩ። ይህ ሁሉ ከአዳራሹ ውስጥ እንደሚታይ እሳቸው እንኳ ዘንግተውት ነበር።

ስልክ ተደወለላትና ውዳሴ መጣች። እንደ መጀመሪያው ሁሉን መረመረች፤ በዚህ ጊዜ አቶ ዓለምነህ ሳይቀየሙ ከኋላዋ እየተከተሉ «ይህስ? ያስ?» እያሉ ይጠይቋት ነበር። መብራት ቢጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ከመስኮቱ ሥር መሆኑን አይታ፣ ጩኸቱ ሰውን እንዳይረብሽ ወደ ጓሮ ይዛወር አለች። ልጅ የያዘች እናት የምታጠባበት ቦታ ስትጠይቅ ደግሞ አቶ ዓለምነህ ከአዳራሹ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክፍል ከፈቱላት።

«አንድ ነገር ግን እኔም ልንገርሽ፤» አሏት። «ባለሙያዎቹን መድረክ ላይ አታውጫቸው። ገበሬ ሽቅብ እያየ አይናገርም። ከእሱ ጋር እኩል ይቀመጡና ወንበሩ ዙሪያውን ይሁን፤ እንደ ሽምግልና።»

ውዳሴ ፈገግ አለች። «እንደዚያ ይሁን። እንዲያውም ምክርዎ ለሌሎች ስብሰባዎቼም ይጠቅመኛል።»

ስብሰባው የተደረገው እህሉ ከገባ በኋላ፣ ጥምቀት እንዳለፈ ነው። ከፎገራና ከደራ ገበሬዎች መጡ፤ ከመጡትም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ወይዘሮ ሸዋዓለም የተባሉ አሮጊት ዙሪያውን ከተደረደረው ወንበር ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥተው፣ ጎርፍ የሚመጣበትን አቅጣጫና ጎርፍ የማይጥለውን ዘር በራሳቸው ድምፅ፣ ያለ ማጉያ ተናገሩ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማቸው፤ ባለሙያዎቹም ጻፉ።

የአቶ ዓለምነህ ሥራ ያስገኘው ጥቅም በዚያ ቀን ብቻ አልቀረም። ወተቱ፣ ሩዙና አትክልቱ የተገዛው ከዚያው ከወረታ ገበያ ነው። አይናለም ሥራው ስለበዛባት ሦስት የሰፈር ልጆች ተቀጠሩላት። ከሁሉም በላይ፣ የሚያርሰውና የሚያርመው ሰው ስለ ራሱ ማሳ ራሱ ተናግሮ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። ስብሰባ ለማዘጋጀት የሚያስብ ሁሉ የቤቱን ማማር ከማየቱ በፊት የሚመጣውን ሰው ቢያስብ፣ ባለ ሆቴሉም መመርመርን እንደ ስድብ ባይቆጥረው፣ ስንት በየጥጉ ተውጦ የሚቀር አሳብ ለአገር ይተርፍ ነበር።

ሰዉ ሲወጣ አቶ ዓለምነህ በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን «ምን ጎደለዎ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ወይዘሮ ሸዋዓለም «ምንም አልጎደለኝ፤ አሁን ላሞቼ ሳይርባቸው እደርሳለሁ፤» ብለው መርቀዋቸው ባጃጅ ተሳፈሩ።

ውዳሴም ልትሰናበት መጣች። «ደስ አለዎ ጋሽ ዓለምነህ?»

«ደስ ብሎኛል። ናፍቆቱ ግን አልሄደም፤ እንዲያውም ዛሬ ባሰብኝ። እንዲህ ያለ ቀን ሲሆን ወሬውን ለእሷ ነበር የምነግራት።»

«እኔም ገበሬ ሲናገር ስሰማ አባቴ ይናፍቀኛል፤» አለች ውዳሴ። ጥቂት አብረው ቆሙና ወደ መኪናዋ ሸኟት።

ሲመለሱ አይናለም ወንበሮቹን ስትሰበስብ አገኟት። «አንድ ቤተ ሰብ ለመጪው ሳምንት ለሰርግ ይሰጠን ብለው ጠይቀዋል። የሙሽሮቹን ወንበር በየት በኩል ላድርገው?» አለቻቸው።

አቶ ዓለምነህ ባዶውን አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«መጀመሪያ ሙሽራዋ አያት እንዳላት ጠይቂልኝ፤» አሉ። «ካላት፣ አያቷ ከምትቀመጥበት እንጀምራለን።»