የማንግሮቩን ሥር ያሳጨዱት አባታችን

ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችን ከጀልባ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ መስኮቱ ወደ ባሕሩ በሚከፈት ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከወደቡ ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ነው፤ ባሕር ስለሚያቅለሸልሻቸው ሒሳብን መርጠው ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመረቁና በወደቡ መሥሪያ ቤት የዳርቻ ጥገና ኃላፊ ሆኑ።

ሥራውን ገና ሳይለምዱት ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። አባታችንም በባሕሩ ዳር ጨዋማ ጭቃ ላይ በሚበቅሉት የማንግሮቭ ዛፎች ዙሪያ ከጭቃው እንደ እርሳስ ቀጥ ቀጥ ብለው የወጡትን ቀጫጭን እንጨቶች አይተው፣ ቆሻሻ መስሏቸው፣ ሠራተኛ አሰልፈው ከጭቃው እኩል አሳጨዷቸው። እንግዳው ንጽሕናውን አድንቀው ሄዱ፤ የታጨደው ግን የዛፎቹ መተንፈሻ ነበር። ጭቃው አየር ስለሌለው ማንግሮቭ ሥሩን ወደ ላይ ልኮ ነው የሚተነፍሰው። ዛፎቹ ቢጫ ሆነው ደረቁ፤ በተከታዩ የማዕበል ወቅትም ውኃው የሚያግደው አጥቶ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ገባ።

አለቆቻቸው በማዕበሉ እንዲያሳብቡ ቢመክሯቸውም፣ እሳቸው በስብሰባ ተነሥተው “ያሳጨድኩት እኔ ነኝ” አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ከፊታቸው “ኢንጂነር”፣ ከኋላቸው “ማጭድ” ይላቸው ነበር፤ ለሁለቱም አቤት ይሉ ነበር። ውኃው ያፈረሰውን የአንዲት አሮጊት ማድቤት ሊያቆሙ ሄደው የቤቱን ልጅ አገቡ። ባለቤታቸውም ሱሪያቸውን ባጠቡ ቁጥር፣ “እኔን ያገባኸኝ በስሕተት ነው፣ ሙሽራህስ ጭቃው ነው” ይሏቸው ነበር።

የቀረ ዕድሜያቸው በመትከል አለቀ። ፍርሃታቸው አንድ ነበር፤ ዳርቻው ሳይሸፈን ሌላ ትልቅ ማዕበል እንዳይቀድማቸው። መጀመሪያ ወደ ጥልቁ አስጠግተው ተከሉ፣ ሞገድ ወሰደው። ወደ ሜዳው አሸሹት፣ ፍየል በላው። ፍሬው ገና ከእናቱ ቅርንጫፍ ሳይወርድ በውስጡ መብቀል እንደሚጀምር፣ ሲወድቅም ተንሳፍፎ የሚይዘው ጭቃ እንደሚፈልግ ያወቁት ብዙ ችግኝ ከጠፋ በኋላ ነው። ጡረታ ወጥተውም አላቆሙም፤ ጉልበታቸው ሲደክም ልጆቻቸው ከጭቃው እየጎተቱ ያወጧቸው ነበር።

በመጨረሻ ኩላሊታቸው ታመመ። ሐኪሙ ጨው ሲከለክሏቸው፣ “ዛፎቹ ጨዋማ ውኃ ጠጥተው ጨዉን በቅጠላቸው እንደ ላብ ያወጡታል፤ ይህን ያህል ዘመን አብሬያቸው ቆሜ ይቺን እንኳ አልተማርኩም” አሏቸው። የፈሩት ማዕበል የመጣው አልጋ ላይ ሳሉ ነው። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ሰፈሩን አይታ ተመልሳ፣ በምሥራቅ በኩል ዛፎቹ ውኃውን እንደያዙት፣ ገና ባልተሸፈነው በምዕራብ በኩል ግን ቤቶች ውስጥ እንደገባ ነገረቻቸው። የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቁ፤ የለም አለቻቸው። “እንግዲህ ግማሹን ነው የመለስኩት” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያው ሳምንት ዐረፉ።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። ቤታቸው ገና ያልደረቀላቸው የምዕራብ ሰፈር ሰዎች ሳይጠሩ መጥተው አስከሬናቸውን እስከዚህ ተሸክመዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ደረቅ ስፍራ ያሳርፍልን።