በመስታወት ላይ ያለ ቅጽር

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ የቤተ ልሔም ደብር ብራና ጸሐፊ የሆኑ መሪጌታና አንዲት አስተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ሽንቴ አልወጣ ሲለኝ፣ አዲስ አበባ ከፕሮስቴት ዕጢዬ ቆንጥረው ወሰዱ። ውጭ አገር ተልኮ፣ በቀለም ተነክሮ በስስ መስታወት ላይ ተለጥፎ ተመለሰ።»

«ቀለሙ ምን ያደርጋል፣ መሪጌታ?»

«የሚፈልገውን ብቻ መርጦ ይይዛል። ዕድሜ ልኬን ቀለም ስበጠብጥ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

«እርስዎም አዩት?»

«ሐኪሙ በማጉያው አሳየኝ። ቡናማው ቀለም በውስጡ ያለችውን እያንዳንዷን ትንሽ ዕጢ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከቧታል። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩ።»

«አልሳቀብዎትም?»

«አልሳቀም። ቅጽሩ ከጠፋ ነቀርሳ ነው አለኝ።»

«የእርስዎስ?»

«ሙሉ ነው፣ ልጄ። አንዲት ድንጋይ አልጎደለችውም።»

ሁለት ወር ደፍሬ ሳላነበው ኪሴ ውስጥ አጣጥፌ የያዝኩትን የአባቴን የሆስፒታል ወረቀት አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት።